ከመምጣቴ በፊት የተጠረገው ቦይ

ዜሮ ይህን ያህል ሰው ሲያስደስት ያየሁት በዚህ ሥራ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የዳንካንን የመስኖ ቦይ ዳርና ዳር በእግሬ ሄድኩ። ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ጎንበስ ቀና እያልኩ ሳር ስመለከት ከርሜ በመጨረሻ የጻፍኩት ቁጥር ዜሮ ነበር። ኩባንያው ዜሮዬን ወስዶ በሚያብረቀርቅ ወረቀት አተመው። የገበሬዎች ሬዲዮ ከአየር ጠባይ ዜና ቀጥሎ አነበበው። እኔ ግን የጻፍኩት «አልተገኘም» ነው፤ «የለም» አላልኩም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው የሳይንስ ሪፖርት ባያነብ ይሻለዋል። አውቆ የሚያምታታው ደግሞ ሌላ ስም አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩባንያው ከወንዙ ማዶ ለጎልፍ ሜዳ የሚሆን ሳር ያበቅላል። ሳሩ ዘረመሉ ተለውጦ ፀረ አረም እንዳይገድለው ተደርጓል፤ መድኃኒቱ ሲረጭ ሌላው አረም ሁሉ ይሞትና እሱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ለጎልፍ ተጫዋች ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን የዚህ ሳር ዘር ከአሸዋ ቅንጣት ያንሳል፣ የአበባው ብናኝ በነፋስ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ ግንዱ ተቆርጦ እርጥብ መሬት ላይ ቢወድቅ ሥር ይሰድዳል። እንዲህ ያለ ተክል አጥር አያውቅም። ወንዙን ተሻግሮ ቦያችን ውስጥ ቢገባና ከዱር ሳሩ ጋር ቢዳቀል፣ ቦዩን ሲጠርግ በኖረበት መድኃኒት ሊያጠፋው የማይችል ገበሬ ምን ይውጠዋል? መንግሥት ይህን ለማወቅ የሦስት ዓመት የጥናት ገንዘብ መደበ። አጥኚዋ እኔ ነኝ፤ ማይቴ ኡርኪዲ፣ ደቡብ አይዳሆ ተወልጄ ያደግሁ፣ በዩኒቨርሲቲው የመስክ ጣቢያ የሥነ ምኅዳር ባለሙያ። የመጨረሻው ሪፖርት በሦስተኛው ዓመት በሴፕቴምበር መጨረሻ ይገባል። ሦስተኛ ዜሮ ከያዘ ሳሩ ያለ ምንም ቁጥጥር በፈለጉት ቦታ እንዲዘራ ይፈቀዳል። ይህን የማያውቅ አልነበረም።

እኔ ደግሞ ዜሮውን አላመንኩትም። የራሴን ቁጥር አላመንኩም። የአገራችን ነፋስ ከዚያ ወደዚህ ነው የሚነፍሰው። ከማዶ በኩል ሳሩን ከመንገድ ዳር በእጄ ነቅያለሁ። ታዲያ ነፋሱ ወንዙ መሐል ደርሶ አስቦበት ይመለሳል? በሦስተኛው ዓመት በጋ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ፤ መኪናዬን አስነስቼ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ግማሽ መንገድ እደርሳለሁ። የጣቢያችን ኃላፊ ዊትኮም «ቁጥሩ የነገረሽን ተቀበዪ» ይለኝ ነበር። ዊትኮም ክፉ ሰው አይደለም። ጠብ የማይወድ ሰው ነው፤ አንዳንዴ ከክፉ የሚብሰው ይህ ነው።

የዳንካን የውኃ አባት ቬርል ክሪስቴንሰን ናቸው። ለየገበሬው በር ከፍተው ውኃውን የሚለቁ፣ የሚለኩ፣ የሚዘጉ፣ የቦዩን ዳር ከአረም የሚያጸዱ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርተዋል፤ ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ቀርቷቸዋል። ቡና አይቀምሱም፣ ሲጋራ አያጨሱም፣ አይሳደቡም። ገበሬዎቹ «ወንድም ክሪስቴንሰን» ይሏቸዋል፤ ግማሾቹ እሑድ እሑድ አንድ ጸሎት ቤት አብረዋቸው ይቀመጣሉ። ወደ ቦዩ የሚያስገቡት በሮች ሁሉ ቁልፋቸው እሳቸው ዘንድ ስለሆነ ሰኞ ጠዋት ወደ ቦዩ ቢሮ ደውዬ እንደምመጣ እናገራለሁ፤ ዓርብ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። የበረዶ ሳጥናቸው ውስጥ ሁልጊዜ ለእኔ የተቀመጠ ኮክ አለ።

«እሺ ዶክተር፣ ዛሬስ ስንት አጣሽ?» ይሉኛል ማታ ስመለስ።

«እንደ ባለፈው።»

«አያትሽ በጎቹን እዚህ ዳር አሰማርቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጥናት ባላስፈለገ።»

አያቴ ከባስክ አገር መጥቶ በዚህ ሸለቆ በግ ያረባ ሰው ነበር። የቬርል አባት በጎቹን በጠመንጃ ከቦዩ ዳር ያባርሯቸው ነበር ይባላል። እኛ በዚያ እንሳሳቃለን።

በኦገስት አጋማሽ አንድ ረቡዕ ቀን ከተማ የነበረኝ ስብሰባ ተሰረዘ። ወደ ጣቢያው መመለስ ሲገባኝ እንደ ልማዴ መኪናውን ዝም ብዬ ነዳሁ። ቦዩን የሚያቋርጠው የመንገድ ድልድይ ላይ ቆምኩና ወደ ታች አየሁ።

የቦዩ ዳር እስከ ማጠፊያው ድረስ ቢጫ ነበር። መድኃኒት ከተረጨ ከአሥር ቀን በላይ ሆኖታል ማለት ነው፤ ሁሉም ሞቷል። ቬርል ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ከሞተው ቢጫ መሐል እዚህም እዚያም አንዳንድ አረንጓዴ ጉንጉን ሳር ይታያል። እሳቸው አንዱን ይነቅሉና ወደ ውኃው ይወረውሩታል፤ ሁለት እርምጃ ሄደው ሌላውን ይነቅሉና ይወረውሩታል። ሥራቸው ጥንቁቅ ነበር። አንድም አላለፋቸውም።

ሁሉ ነገር የገባኝ እዚያው ድልድዩ ላይ ነው። የተዳፋቱን ኮረት እየተንሸራተትኩ ወረድኩ።

«ምን እያደረጉ ነው ቬርል?»

«ያዝሽኝ» አሉ ፈገግ ብለው። «የምትመጪው ዓርብ መስሎኝ ነበር። መድኃኒቱ ያልገደለው አንዳንድ ግትር ነገር አለ፤ እሱን በእጄ እለቅማለሁ።»

«ሁልጊዜ ነው ይህን የሚያደርጉት?»

«አንቺ እመጣለሁ ባልሽ ቁጥር ነዋ። እንግዳ ሊመጣበት ቤቱን የማይጠርግ ማን አለ? የዩኒቨርሲቲ ሰው መጥታ የቬርልን ቦይ አረም በላው ትበል?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መምጣት ከጀመርሽ ጀምሮ።»

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። አባቴ የሚሆኑትን ሰው አንተ አልኳቸው። ሁለት ዓመት ሥራዬን በላህ አልኩ፤ ደንቆሮ አልኩ፤ ኩባንያው ከፍሎ ቢቀጥርህ ከዚህ የተሻለ አታገለግለውም አልኩ። ቬርል ውኃው ውስጥ እንደቆሙ፣ የነቀሉትን ሳር በእጃቸው እንደያዙ ሰሙኝ። ውኃው ከሳሩ ሥር ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ስጨርስ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና እንደ ወትሯቸው በለሰለሰ ድምፅ ጠየቁኝ።

«የምትፈልጊው ሳር ምን እንደሚመስል ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

አልነገርኳቸውም።

«የማዶውን ሳር ታጠናለች አሉኝ፤ መልኩን ያሳየኝ ግን የለም። እኔም የሞተውን ይሁን ያልሞተውን አልጠየቅኩም። ሦስት በጋ በር ከፈትኩልሽ ማይቴ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቁጭ ብለሽ አንድ ቀን እንኳ፣ ቬርል እንዲህ ያለ ነገር አይተው ያውቃሉ ወይ ብትዪኝ ምናለ?»

መልስ ነበረኝ። የመስክ ሠራተኛ የሚፈለገውን ካወቀ ውጤቱ ሊዛባ ይችላል፤ ይህ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ነው፣ የጥናት ዕቅዱም ላይ አለ። ነገር ግን ለራሴ ካልዋሸሁ ያልነገርኳቸው በመጽሐፉ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ምን ይገባቸዋል ብዬ ነው። ይህን ቦይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው በዓለም ላይ ነበር፤ እኔ ከእሱ የፈለግሁት ቁልፍ ብቻ ነበር። ሰኞ ሰኞ እመጣለሁ ብዬ የማውጀው እኔ፣ ዓርብ የተጠረገ ቤት ገብቼ ቆሻሻ የለም ብዬ የምጽፈው እኔ።

ንዴቴ ግን በዚህ አልበረደም፤ ሰው ጥፋተኛ መሆኑን ሲያውቅ ንዴቱ ይበርዳል የሚል ሰው ተናዶ አያውቅም። ሳሩን ከእጃቸው ነጠቅኩና ውኃው የወረወሩትን ወዴት እንደሚወስደው ጠየቅኋቸው።

«ወዴት ይወስዳል? መጨረሻው ላይ ያለው የብረት ወንፊት ይይዘዋል። ከዚያ በመንሽ አውጥቼ ዳር እከምረዋለሁ።»

በእሳቸው ፒክአፕ ሄድን። ሃያ ደቂቃ ያህል መንገድ ነው። ቦዩ ከማለቁ በፊት ውኃው የሚያልፍበት የብረት ዘንግ ድርድር አለ። ጎርፍ ያመጣውን ጭራሮ፣ የላስቲክ ጠርሙስ፣ የሞተ ወፍ፣ የተነቀለ አረም ሁሉ እዚያ ይይዛል። ከጎኑ ባለው ዝቅ ያለ እርጥብ መሬት ላይ የቬርል ክምር ነበር። ክምር መሆኑ ቀርቷል እንጂ። የመሰብሰቢያ አዳራሽ የሚያህል ቦታ ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ አጭር፣ ድፍን ያለ፣ የጎልፍ ሜዳ የመሰለ ሳር። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ከዱር ሳሩ ጋር ተቀላቅሎ አብቧል። አንዳንዱ የማንኛቸው እንደሆነ እኔም በዓይኔ መለየት አልቻልኩም።

ቬርል ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እኔ ነኝ የዘራሁት» አሉ።

አይደሉም ልላቸው ነበር። ዘሩን ያመጣው ነፋስ ነው፣ ነፋሱ ላይ የለቀቀው ኩባንያው ነው፤ ቆራርጦ የበተነው ግን የእሳቸው እጅ ነው። ሦስቱም እውነት ነው።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ከምንጣፉ ስድሳ ቁራጭ ወስጄ ስድሳ ማሰሮ ውስጥ ተከልኩ። ቬርል አፈሩን እየሞሉ ሰጡኝ። የሚያብበው ሁሉ ዘሩን እንዳይበትን ራስ ራሱን በወረቀት ከረጢት አሰርነው፤ የእሳቸው ቋጠሮ ከእኔ ይጠብቃል። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። እርስዎ ማለት ግን ጀመርኩ፤ እሳቸውም እንዳስተዋሉ ያስታውቃል።

ፈተናው ቀላል ነው። ቁራጩ ሥር እስኪሰድድ አሥር ቀን፣ ከዚያ መድኃኒት መርጨት፣ ከዚያ ሌላ አሥር ቀን መጠበቅ። ቢጫ የሆነው ተራ ሳር ነው። አረንጓዴ የቀረው ከማዶ የመጣው ወይም የእሱ ዘር ነው። መጠበቅ ግን እኔ አልችልበትም። የችግኝ ቤቱን በር በቀን አምስት ጊዜ ከፈትኩ፤ በሦስተኛው ቀን ሳር ምን ሊነግረኝ እንደሚችል እግዜር ይወቅ። ሌላ ሥራ ጀምሬ አልጨርስም። ባልደረቦቼ ኮሪደር ላይ ሲያዩኝ መንገድ መቀየር ጀመሩ።

ዊትኮም ሁለተኛው አሥር ቀን መሐል ላይ ቢሮው ጠራኝ። የጥናት ዕቅዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። ዕቅዱ የሚለው የቦዩ ሁለት ዳር ነው፤ ወንፊቱና ክምሩ ከመለኪያው መስመር ውጭ ናቸው። በመስመሩ ውስጥ ደግሞ ዘንድሮም በሪፖርት የተመዘገበ ሳር የለም። ስለዚህ በዕቅዱ መሠረት ሦስተኛው ዓመትም ዜሮ ነው፤ የወንፊቱን ነገር በግርጌ ማስታወሻ ጠቅሰን ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ብለን እንዝጋው አለኝ።

ተጨማሪ ጥናት! ሳሩ ያለ ቁጥጥር እንዲዘራ ከተፈቀደ በኋላ ለተጨማሪ ጥናት ገንዘብ የሚሰጥ ማን ነው? ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ የጭስ ማውጫውን እንመርምር እንደማለት ነው፤ ይህንኑ ነገርኩት። ዊትኮም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ጻፊው እሺ» አለ። «ግን መጀመሪያ የምትጽፊው ያለፉት ሁለት ሪፖርቶችሽ ስህተት ነበሩ ብለሽ ነው። የኩባንያው ጠበቃ ምን እንደሚል እኔ ልንገርሽ፦ ሁለት ጊዜ የተሳሳተች ሴት በሦስተኛው ለምን ትታመናለች? ከዚህ በኋላ አንድ ሳንቲም የጥናት ገንዘብ አታገኚም። ሽማግሌውንም የቦዩ ቦርድ በማግስቱ ያሰናብተዋል። የሳር ዘር ለውጭ አገር የሚሸጡ ገበሬዎች አሉ፤ ገዢዎቻቸው ይህን ሳር ሰምተው ጥለዋቸው ይሄዳሉ። ለአንድ ግርጌ ማስታወሻ ይህ ሁሉ?»

የሚያናድደው የተናገረው ሁሉ ትክክል መሆኑ ነው። ግን ትክክል መሆኑ አንዱንም የሳር ሥር አይነቅልም። ገዢዎቹ ዛሬ ካልሰሙ የዛሬ አምስት ዓመት ከራሱ ከሳሩ ይሰማሉ፤ ያኔ ደግሞ የሚነቅለው የለም። በሩን ሳልዘጋው ወጣሁ።

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ከስድሳው ማሰሮ ሰባቱ ቢጫ ሆነው አገኘኋቸው። ሃምሳ ሦስቱ አረንጓዴ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም መድኃኒቱ የተመቻቸው ይመስል አዲስ ቅጠል አውጥተዋል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ማሰሮዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሬ ደግሜ ቆጠርኳቸው።

ሪፖርቱን በአራት ቀን ጻፍኩ። የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፣ የአንደኛውና የሁለተኛው ዓመት ቁጥሮች ዋጋ የላቸውም ይላል። ቀጥሎ ምክንያቱ አለ፦ አጥኚዋ የምትመጣበትን ቀን አስቀድማ ስለተናገረችና ቦዩን የሚያውቀውን ሰው ስላልጠየቀች፣ «አንድ የቦዩ ሠራተኛ» በቅን ልቦና ከመድኃኒት የተረፈውን ሳር ነቅሎ ውኃ ውስጥ ጥሏል። ከመላኬ በፊት ለቬርል ማሳየት አለብኝ ብዬ ወደ ቦዩ ራስ ሄድኩ። ትልቁን በር የሚያዞረውን መዘውር ቅባት እየቀቡ ነበር። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው መነጽራቸውን አደረጉና የፒክአፑ ኋላ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። እኔ ቆሜ ከበሩ እስከ መኪናው እመላለሳለሁ።

«ይህ አንድ ሠራተኛ ማን ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ስምዎ እንዳይነሣ ብዬ ነው።»

«ይህ ቦይ ስንት ሠራተኛ አለው?»

«አንድ።»

«ታዲያ ከማን ነው የምትሸሽጊኝ? እንዲህ ሲጻፍ የደበቅኩት ነገር ያለ ይመስላል። እኔ ጠረግኩ እንጂ አልደበቅኩም።»

ቦርዱ እንደሚያሰናብታቸው ነገርኳቸው። ስምንት ወር እንደቀራቸው፣ የቦርዱ ሊቀ መንበር ራሱ የሳር ዘር ሻጭ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ እሳቸው የማያውቁት ይመስል። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«እኔ ብሄድ ቁልፉን ሌላ ሰው ይረከባል። ጎበዝ ሰው ይሆናል፤ ንጹሕ ቦይ የሚወድ። መድኃኒት ይረጫል፣ ያልሞተውን ያያል፣ ያፍራል። ከዚያ ምን ያደርጋል?»

«ይነቅለዋል።»

«ነቅሎስ?»

ወደ ውኃው አየሁ።

«ስለዚህ ማን ምን እንዳደረገ በስም ጻፊው። ቬርል የሚያውቁት ሰው ነው፤ ቬርል ተሳሳተ ሲባል ይሰማሉ። አንድ ሠራተኛ ተሳሳተ ሲባል የሚሰማ የለም።»

እስክሪብቶዬን ተቀብለው «አንድ የቦዩ ሠራተኛ» የሚለውን ሰረዙና ከበላዩ ሙሉ ስማቸውን፣ ከስማቸው ቀጥሎም ሠላሳ ስምንቱን ዓመት ጻፉ። የቅባት አሻራቸው ገጹ ላይ ቀረ። ያኔ ነው ይቅርታ ያልኳቸው። ውኃው በበሩ ሥር እየጮኸ ስለነበር የሰሙኝ አልመሰለኝም፤ ደግሜ ጮክ ብዬ አልኩት። «ሰምቻለሁ» አሉ፤ «የጆሮ አይደለም ችግሬ።»

ሪፖርቱን ቀኑ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ላክሁት። ዊትኮም ፈረመ፤ ከፊርማው ጋር የራሱን ደብዳቤ አያይዟል፣ ምን እንደሚል አላሳየኝም። ከሳምንት በኋላ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቱ አጭር መልስ መጣ። ሪፖርቱ ደርሷል፤ ውሳኔው ለጊዜው ይቆያል፤ መርማሪዎች መጥተው እስኪያዩት ድረስ በወንፊቱ አጠገብ ያለው ሳር እንዳለ ይቆይ፣ ማንም እንዳይነካው። የሚመጡበት ቀን አልተጻፈም። የቦዩ ቦርድ በበኩሉ ቬርልን ለሚቀጥለው ማክሰኞ ጠርቷቸዋል።

መልሱን ይዤ ስሄድ ቬርል ወንፊቱ ጋ ነበሩ። ሳሩን በሽቦ አጥረነዋል፤ የወረቀት ከረጢቶቹ በነፋስ ይንኮሻኮሻሉ። ከአጥሩ ውጭ ያለው ዳር ሁሉ እንደ ተላጨ አገጭ የጸዳ ነው። ከውስጥ ያለው ግን ሽቦውን አልፎ አንድ ሁለት እጅ ወደ ውጭ ሰድዷል። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። አላፊ ገበሬ ከመኪናው ሆኖ እጁን አነሣላቸው፤ ከዚያ ሳሩን አየና እጁን ቶሎ አወረደ።

«መቼ ይመጣሉ?»

«አልነገሩንም።»

«ካልመጡስ?»

«ይመጣሉ» አልኩ። እንደማይመጡ ያወቅኩ ያህል በቁጣ ነበር የተናገርኩት።

ቬርል ወደ ፒክአፑ ሄደው መንሻቸውን አወጡ። ተመልሰው ከሽቦው የወጣውን ሳር ትኩር ብለው አዩት።

«ዳር ዳሩንስ?»

«አይቻልም ቬርል።»

መንሹን መሬት ላይ ተክለው ሁለት እጃቸውን ጫፉ ላይ አነባብረው ቆሙ። ከዚያ መልሰው መኪናው ላይ ጫኑት። ጥቂት ቆይተው ደግሞ አወረዱት።